የታመመ ባለቤት በየትኛው ቅጽ ይመዘገባል?

ይድረስ ለአነስተኛ ንግድ ድጋፍ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ እንዲሁም በግብር፣ በፈቃድ፣ በብድርና በመንግሥት ግዢ ጉዳይ ስለ እኛ ለምትወስኑ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶችን ጤናና ዕረፍት ከድጋፍ መመሪያው ውጭ ያደረገውን ውሳኔ ይመለከታል

ክቡራትና ክቡራን፣

ከአክብሮት ጋር ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምንጽፈው፣ በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባነው ጽሑፍ ተገቢውን ምላሽ ስላላገኘ ነው። እኛ ልብስ ሰፊዎች፣ አናጢዎች፣ የማተሚያ ቤት ባለቤቶች፣ ፀጉር ሠሪዎች፣ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞችና የሒሳብ መዝገብ ያዦች ነን። አብዛኞቻችን ብቻችንን፣ ቢበዛ ከሦስት ወይም ከአራት ሠራተኞች ጋር እንሠራለን። በመረዳጃ ስብስባችን በየወሩ እየተገናኘን ችግራችንን እንነጋገራለን። በቅርቡ ሱቃቸውን የዘጉ አባሎቻችንን ስናስብ፣ ገበያ አጥቶ ከዘጋው ይልቅ አቅሙ አልቆ የዘጋው ይበዛል።

የተሻሻለው የድጋፍ መመሪያ ገና ረቂቅ ሳለ አስተያየት ጠይቃችሁን ነበር። አራት ገጽ ጽፈን አስገባን። የመጀመሪያው ጥያቄያችን ባለቤቱ ሲታመም፣ ባለቤቷ ስትወልድ ወይም ከባድ ሐዘን ሲደርስ ድርጅቱ እንዴት ይቆይ የሚል ነበር። ጸድቆ የወጣው መመሪያ ስለ ብድር፣ ስለ ሥልጠና፣ ስለ ኤግዚቢሽንና ስለ ገበያ ትስስር በሰፊው ይናገራል። ስለ ባለቤቱ አንድ መስመር አልተጻፈበትም። ለጥያቄያችን የተሰጠን መልስም አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «የባለቤቱ ጤንነት የግል ኃላፊነቱ በመሆኑ በድጋፍ ማዕቀፉ ሊካተት አይችልም።»

መልሱን በስብሰባችን ላይ ያነበብኩት እኔ ነኝ። አንብቤ ስጨርስ የማተሚያ ቤት ያላት እኅታችን «እባካችሁ እንደገና ይነበብልኝ» አለች። ከሆስፒታል ከወጣች ሦስት ሳምንት አልሞላትም ነበር። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

እስቲ «የግል» በምትለው ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ። ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ባለቤቱና ድርጅቱ ሁለት ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ቢታመም ምክትሉ ይፈርማል፤ ሒሳብ ሹሙ ቢያርፍ ሌላው ይተካዋል። በእኛ ቤት ግን የሚፈርመው፣ የሚገዛው፣ የሚሸጠው፣ የሚያጸዳው፣ ከተቆጣጣሪ ጋር የሚነጋገረውና ሌሊት ሒሳብ የሚዘጋው አንድ ሰው ነው። ይህንን አበዳሪዎች በሚገባ ያውቁታል፤ ለድርጅቱ ሲያበድሩ የባለቤቱን የግል ዋስትና፣ ሲሆንም የመኖሪያ ቤቱን መያዣ ይጠይቃሉ። ግብር ሰብሳቢዎችም ያውቁታል፤ ውዝፍ ሲገኝ ደብዳቤው የሚመጣው በስማችን ነው። ገንዘብ ሲፈለግ እኛና ድርጅቱ አንድ ነን። ስንታመም ግን እኛ ለብቻ፣ ድርጅቱ ለብቻ ይሆናል። ቅሬታችን ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው። ዝርዝሩ ከዚህ ይከተላል።

የመጀመሪያው የቀን ገደብ ጉዳይ ነው። የማተሚያ ቤት ያላት እኅታችን ትርፍ አንጀቷ ታሞ በድንገት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ወርኃዊ ግብሯን የምታስታውቅበት ቀን በአራት ቀን አለፈ። ቅጣትና ወለድ ተጻፈባት። የሆስፒታሉን ማስረጃ ይዛ ቀረበች። የተቀበላት ባለሙያ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀቱን አገላብጦ ካየ በኋላ «የባለቤት ሕመም የሚሞላበት ቦታ በቅጹ ላይ የለም፤ ድርጅቱ ደግሞ አልታመመም» አላት። እውነቱን ነው፣ ቅጹ እንደዚያ ነው የተዘጋጀው።

የቅጣቱ መጠን አይደለም ያስቆጣን። ቅጣቱ እስኪነሣ ወይም እስኪከፈል ድረስ ከዕዳ ነጻ መሆኗን የሚያረጋግጥ ወረቀት አታገኝም ነበር፤ ያለዚያ ወረቀት ደግሞ ለጨረታ መቅረብ አትችልም። የጨረታው መዝጊያ ቀርቧል። ስለዚህ ቁስሏ ሳይሽር፣ በዘጠነኛው ቀን ደረጃ ወጥታ ወረፋ ያዘች። ከዚያም ተመልሳ ሥራ ላይ ቆመች። ቁስሉ አመርቅዞ ሁለተኛ ጊዜ ሆስፒታል ገባች። ያኔ የጠፋው ጊዜ አራት ቀን መሆኑ ቀርቶ አንድ ወር ከግማሽ ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብሎ የሚፈርድባት ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ሌላ ምን ማድረግ ትችል እንደነበር ጠይቀን መልስ አላገኘንም።

ሁለተኛው ክፍያ ነው። በዚህ ላይ ረዘም ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ከአባሎቻችን እንቅልፍ የነሣው ነገር ቢቆጠር ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነውና።

አናጢው ወንድማችን ለአንድ የመንግሥት ተቋም ወንበርና ጠረጴዛ ሠርቶ በውሉ ቀን አስረከበ። የርክክብ ሰነድ ተፈረመ። ውሉ ክፍያው በ30 ቀን ይፈጸማል ይላል። ገንዘቡ የተከፈለው በሰባተኛው ወር ነው። በእነዚያ ወራት ውስጥ የሦስት ሠራተኞች ደመወዝ ከፍሏል፣ የእንጨት አቅራቢውን ዕዳ ከፍሏል፣ የሱቅ ኪራይ ከፍሏል። ከሁሉ የከበደው ግን ደረሰኝ በቆረጠበት ወር ገና በእጁ ባልገባ ገንዘብ ላይ የሽያጭ ግብር መክፈሉ ነው። መንግሥት እንደ ገዢ ሰባት ወር ዘገየበት፤ መንግሥት እንደ ግብር ሰብሳቢ ግን አንድ ቀን አልጠበቀውም።

ሰውየው በዚያ ጊዜ ምን እንደሆነ እኔ በቅርብ አይቻለሁ፤ ሱቃችን ጎን ለጎን ነው። በመጀመሪያው ወር ይቀልድ ነበር። በሦስተኛው ወር ቀልዱ ቆመ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ በአእምሮው ሲደምርና ሲቀንስ እንደሚያነጋ ነገረኝ። በአምስተኛው ወር ለዓመታት ክፉ ቃል ተናግሯቸው በማያውቅ ተለማማጆቹ ላይ መጮህ ጀመረ። አንዱ ልጅ ጥሎት ሄደ። በስድስተኛው ወር መሮ ይዞ ሲሠራ እጁ ተንቀጠቀጠና አውራ ጣቱን ቆረጠው። ሐኪሙ የጠየቀው ስለ መሮው ነበር። ስለ ደረሰኙ የጠየቀው አልነበረም።

ይህ ሊስተካከል የማይችል የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የመንግሥት ተቋማት በመደበኛው ሁኔታ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፍሉ፣ ካለፈም አቅራቢው ማሳሰቢያ መጻፍ ሳያስፈልገው ከማዕከላዊ ባንኩ መነሻ ተመን ቢያንስ ስምንት በመቶኛ ነጥብ የሚበልጥ ወለድ እንዲታሰብለት ደንግጓል። በዚያም ቢሆን ሁሉም በጊዜው ይከፍላል ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የኅብረቱ ኮሚሽን ይበልጥ ጠበቅ ያለ ደንብ በረቂቅ ያቀረበው በዚህ ምክንያት ነው። ቢያንስ ግን መዘግየቱ ዋጋ የሚያስከፍለው የዘገየውን ነው። በእኛ ዘንድ ዋጋውን የሚከፍለው የተዘገየበት ነው።

ሦስተኛው የሥራ ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ሥጋቱ በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የመሞት ሥጋቱ በ17 በመቶ እንደሚጨምር ገልጸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ ከረዥም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ 745,000 ሰዎች በእነዚህ ሁለት ሕመሞች እንደሞቱ ገምተዋል።

ይህንን ካነበብኩ በኋላ አንድ ደብተር ገዝቼ የራሴን ሰዓት መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት 71 ሰዓት ሆነ። ደነገጥኩ። ነገር ግን ይበልጥ የገረመኝ ሰዓቱ የሄደበት ቦታ ነው። ልብስ መቅደድና መስፋት እጄን ያደክመዋል እንጂ ልቤን አያደክመውም፤ እንዲያውም በቀን ውስጥ ሰላም የማገኘው የስፌት መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ነው። ከ71ዱ 19ኙ ሰዓት የሄደው በቅጽ መሙላት፣ በወረፋ፣ «ነገ ተመለስ» በሚል መልስ፣ ያልተከፈለ ገንዘብ በመጠየቅና አንዱ መሥሪያ ቤት የያዘውን መረጃ ለሌላው በማመላለስ ነበር። መሥሪያ ቤቶች የሚከፈቱት ደንበኛ በሚመጣበት ሰዓት ነው። እናንተ ዘንድ ለመምጣት ሱቄን እዘጋለሁ፤ የተዘጋውን ሰዓት ለማካካስ ሌሊት እሠራለሁ። ያንን ሌሊት የወሰደብኝ ስግብግብነቴ ነው እንዳይባልብኝ ነው ደብተሩን የያዝኩት።

የዓለም የሥራ ድርጅት ገና ሲመሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ያወጣው የመጀመሪያው ስምምነት የፋብሪካ ሠራተኛን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 እንዲሆን ወስኗል። ያው ስምምነት የአንድ ቤተሰብ አባላት ብቻ የሚሠሩበትን ድርጅት ከገደቡ ውጭ አድርጎታል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ቤተሰብ ያውም ባለቤቱ ራሱን ይጠብቃል የሚል እምነት ነበረ መሰለኝ። እኛ አሠሪም ሠራተኛም ነን፤ ሕጉ ግን የሚያየው አሠሪነታችንን ብቻ ነው። ሠራተኞቻችን በሳምንት የሚያርፉበት ቀን አላቸው፣ ሊኖራቸውም ይገባል። በዚያ ቀን እነርሱን ተክቶ የሚሠራው ማን እንደሆነ ግን ጠይቃችሁ አታውቁም።

አራተኛው ወሊድ ነው። የፀጉር ሥራ ቤት ያላት እኅታችን ባለፈው ዓመት ሠራተኛዋ ወልዳ የሚገባትን የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዟ ሰጠቻት። ሕጉ ስለሚያስገድዳት ብቻ አልነበረም፤ ሕፃኑን ለማየት ስትሄድ አብሬአት ነበርኩ፣ በደስታ ነው ያደረገችው። በዚህ ዓመት ራሷ ወለደች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሱቋ ውስጥ ቆማ አየናት። ሕፃኑ ከመጋረጃው ጀርባ በቅርጫት ተኝቶ ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የወሊድ ጥበቃ ስምምነት ቢያንስ 14 ሳምንት ፈቃድ ይላል፤ የሚናገረው ግን ስለ ተቀጣሪ ሴቶች ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህንን ክፍተት አይቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶችም ቢያንስ ለ14 ሳምንት ሥራ ለማቋረጥ የሚያስችል አበል የሚያገኙበት መንገድ እንዲኖር አዝዟል። ስለዚህ የማይቻል ነገር አልጠየቅንም።

አምስተኛውን ለመጻፍ ከብዶኛል፤ የሚመለከተው ወንድማችን ፈቅዶልኝ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው የሚባልለት ሰው። ብድሩን መክፈል ሲያቅተው በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ የመያዣ ንብረቱ ሊሸጥ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰው። ስልክ ማንሣት አቆመ። ከስብሰባ ቀረ። ኮራብን ብለን ቅር ተሰኝተንበት ነበር፤ ይህንን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል። በኋላ እንደነገረን በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ መብራት አጥፍቶ፣ በተበታተኑ ዕቃዎች መካከል ቀኑን ሙሉ ይቀመጥ ነበር። የሚወደውን ሥራ ማየት አስጠላው። በዚያ ሂደት ውስጥ ከአምስት ያላነሱ ባለሙያዎች ፊቱን አይተዋል፤ ደብዳቤ ያደረሰው፣ ፊርማ የተቀበለው፣ ንብረት የገመተው፣ ሒሳብ ያስተያየው፣ ቀጠሮ የሰጠው። «ደኅና ነህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ሥራቸው አልነበረምና።

እርሱ የደረሰበት ነገር ስም አለው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1974 የሥራ ዝለትን በጽሑፍ ገለጸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም አቀፉ የሕመሞች ምደባ ውስጥ፣ ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ዘረዘረው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም ማለቅ፣ ሥራን መጥላትና ከሥራው በአእምሮ መራቅ፣ ውጤታማነት መቀነስ። ምክንያቱ በአግባቡ ያልተያዘ የቆየ የሥራ ጫና ነው ይላል። ተቀጣሪ ሰው ይህ ሲደርስበት ጫናውን የሚያቀልለት አለቃ ይኖረዋል፣ ቢያንስ የሚከሰው አለቃ ይኖረዋል። እኛ ጫናችን የሚመጣው ከገበያው፣ ከአበዳሪውና ከእናንተ ነው።

ሰው ቢያስብ መላ አለ። በፈረንሳይ ሳንት በምትባል ከተማ የንግድ ፍርድ ቤት አንድ የመዝገብ ሹም ከአንድ የሥነ ልቦና ሐኪም ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2013 አፔሳ የሚባል አሠራር ጀመሩ። ከከሰሩ ነጋዴዎች ጋር በየቀኑ የሚገናኙ የፍርድ ቤት ሠራተኞችና ሌሎች ባለሙያዎች የከፋ ጭንቀት ምልክቶችን ለይተው እንዲያውቁ ይሠለጥናሉ። የሚያሰጋ ነገር ካዩ ባለጉዳዩን አስፈቅደው ያሳውቃሉ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈጥኖ ይደውልለታል፣ የተወሰኑ የምክር ቀጠሮዎችም በነጻ ይሰጡታል። አሠራሩ ከዚያች ከተማ ወደ ሌሎች ብዙ የፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች ተስፋፍቷል። የጀመረው አንድ የመዝገብ ሹም የከሰሩ ነጋዴዎችን ጭንቀት አይቶ ዝም ማለት ስላልቻለ ነው። በእናንተም ቢሮዎች እንደዚህ ያሉ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን።

የሥልጠናውን ነገር በአጭሩ ልናገር። ስለ ጊዜ አጠቃቀም የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጥታችሁናል። አሠልጣኙ ጥሩ ሰው ነበር፣ ጥቂት ነገርም ተምረንበታል። ነገር ግን ጊዜዬን ምንም ያህል በጥንቃቄ ብከፋፍለው ወረፋው አያጥርም፣ የዘገየው ክፍያም አይመጣም።

የእኛም ድርሻ አለበት፤ እርሱን ሳንናገር እናንተን ብንከስስ ፍትሕ አይሆንም። ለብዙ ዘመን አለማረፍን እንደ ጀግንነት ቆጥረነዋል። እኩለ ሌሊት የመጣን መልእክት ወዲያውኑ መመለስ ደንበኛ ማክበር መስሎን ነበር። ሥራ ለሌላ ሰው ማካፈል ያስፈራናል፤ ካልነካሁት ይበላሻል እንላለን። ጎረቤታችን ሦስት ሰዓት ላይ ሲዘጋ እኛ አራት ሰዓት ድረስ እንቆያለን፤ በሚቀጥለው ሳምንት እርሱ አምስት ሰዓት ይቆያል፤ መጨረሻ ላይ ሁለታችንም ለሌለ ደንበኛ መብራት እናበራለን።

ከአናጢው ወንድማችን አደጋ በኋላ በስብስባችን ሦስት ነገሮችን ወስነን መሥራት ጀምረናል። በሳምንት አንድ የጋራ ዕረፍት ቀን አለን፤ የተቀራረበ ሥራ የምንሠራው ሁላችንም በዚያ ቀን ስለምንዘጋ ማንም ደንበኛውን ይነጠቃል ብሎ አይሰጋም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የሥራ ስልክ አናነሣም፤ ይህንንም በራችን ላይ ጽፈን ለጥፈናል። መጀመሪያ የተቆጡ ደንበኞች ነበሩ፣ ከወር በኋላ ለመዱት። ሦስተኛው የተተኪ ፋይል ነው። እያንዳንዱ አባል የአቅራቢዎቹን ዝርዝር፣ የጀመራቸውን ትዕዛዞች፣ የሚከፈሉና የሚሰበሰቡ ገንዘቦችን፣ የግብርና የኪራይ ቀኖችን፣ የቁልፍ ቦታን ጽፎ በታሸገ ፖስታ ለሚያምነው አንድ አባል ይሰጣል። ያ ሰው ባለቤቱ ሲታመም ሱቁን ለሁለት ሳምንት ያህል እንዳይሞት አድርጎ ማቆየት ይችላል። የእኔን ፋይል የያዘው አናጢው ነው፤ የእርሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። እርሱ መስፋት አይችልም፣ እኔ መላግ አልችልም። ግን ለደንበኛ ደውሎ ቀን ማራዘም፣ የተጠናቀቀ ሥራ ማስረከብና ገንዘብ መቀበል ሁለታችንም እንችላለን።

ይህ አሠራራችን የተሰናከለው እናንተ በር ላይ ነው። ባለፈው ወር ትኩሳት ጥሎኝ ሳለ አናጢው የእኔን የግብር ማስታወቂያ ሊያስገባ ሄደ። ውክልና ተጠየቀ። ውክልና ለመስጠት ደግሞ እኔ ራሴ ቀርቤ መፈረም ነበረብኝ። ቀርቤ መፈረም ብችል ኖሮ ማስታወቂያውን ራሴ አስገባው ነበር።

ሕመምን በምክንያትነት ከተቀበልን ሁሉም የሐሰት ወረቀት ይዞ ይመጣል የሚል ሥጋት እንዳላችሁ ሰምተናል። ሥጋቱ መሠረት የለውም አንልም። ነገር ግን የተቀጣሪ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ በሐኪም ማስረጃ ሲሰጥ ስንት ዘመን ሆነው? ሐሰተኛ ማስረጃ የሚያቀርብ አለ ተብሎ ለሠራተኛ የሕመም ፈቃድ አልቀረም። ለሠራተኛው ያመናችሁትን ሐኪም ለባለቤቱም እመኑት። ገደብ ማበጀትም ይቻላል፤ በዓመት ለአንድ ጊዜ፣ ተኝቶ ለታከመ ወይም ሐኪም ከሥራ ላገደው ሰው ብቻ ብትሉ እንቀበላለን።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2017 በወሰነው መሠረት ጁን 27፣ ማለትም ሰኔ 20፣ የጥቃቅን፣ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይከበራል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ካሉት የንግድ ድርጅቶች 90 በመቶ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው። በዚያ ቀን መድረክ ላይ እንጠራለን፣ እንመሰገናለን። ምስጋናውን አንጠላም። ነገር ግን በሚቀጥለው በዓል ላይ ከምስጋና ይልቅ የሚከተሉትን ብንሰማ እንመርጣለን።

አንደኛ፣ በግብር ማስታወቂያና በፈቃድ ዕድሳት ቅጾች ላይ የባለቤት ሕመም፣ ወሊድና የቅርብ ቤተሰብ ሞት የሚሞላበት ቦታ ይጨመር፤ በማስረጃ ለተረጋገጠ ሁኔታ ከቅጣትና ከወለድ ነጻ የሆነ የ30 ቀን ጊዜ ይሰጥ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ሰው ከዕዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጸው ወረቀት አይከልከል።

ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ጤነኛ ሳለ አንድ ተተኪ አስቀድሞ በእናንተ ዘንድ የሚያስመዘግብበት ቀላል አሠራር ይኑር። ተተኪው ገንዘብ እንዲያወጣ ወይም ንብረት እንዲሸጥ አንጠይቅም፤ ሰነድ ማስገባትና መቀበል ብቻ ይፈቀድለት።

ሦስተኛ፣ የመንግሥት ተቋማት ለአነስተኛ አቅራቢዎች በ30 ቀን ይክፈሉ፤ ከዘገዩ ወለዱ ሳይጠየቅ ይታሰብ። የሽያጭ ግብርም ደረሰኝ በተቆረጠበት ቀን መሆኑ ቀርቶ ገንዘቡ በእጃችን ሲገባ ይጠየቀን። ከሁሉ አስቀድማችሁ አንዱን ብቻ ፈጽሙ ብትሉን ይህንን እንመርጣለን።

አራተኛ፣ ለወሊድና ለረዥም ሕመም የሚሆን የመዋጮ ፈንድ ይቋቋም። በነጻ አልጠየቅንም፤ በየወሩ እናዋጣለን። ጃፓን ለአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች ሥራ ሲያቆሙ የሚደርስላቸውን የመረዳጃ መዋጮ በሕግ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በፊንላንድ ከብት አርቢ ገበሬ በዓመት 26 ቀን እንዲያርፍ፣ በእርሱም ፋንታ ላሞቹን የሚያልብ ተተኪ ሠራተኛ እንዲላክለት የሚያደርግ የመንግሥት አገልግሎት አለ። ላም እንደ ደንበኛ ናት፣ ዛሬ ይቅር አትልም፤ ቢሆንም መላ ተገኝቶላታል።

አምስተኛ፣ በብድር ማስመለስና በውዝፍ ግብር ክፍሎች ከባለጉዳይ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙ ሠራተኞች የከፋ ጭንቀት ምልክቶችን ለይተው ወደ ሐኪም የሚመሩበት ሥልጠና ይሰጣቸው።

በመጨረሻም «የግል ኃላፊነቱ በመሆኑ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ ትሻርልን። እኅታችን ያንን ወረቀት ከሕክምና ማስረጃዎቿ ጋር አንድ ላይ አድርጋ አስቀምጣዋለች።

ለዚህ ደብዳቤ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንድትሰጡን እንጠይቃለን፤ ለእኛ የምትሰጡን ጊዜ ይኸው ስለሆነ ነው። ወርኃዊ ስብሰባችን በጋራ የዕረፍት ቀናችን ከሰዓት በኋላ ይካሄዳል። ከእናንተ ዘንድ ለመወሰን ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ቢመጣ የአናጢውን የርክክብ ሰነድ፣ የማተሚያ ቤቷን የቅጣት ደብዳቤና የእኔን የሰዓት ደብተር ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጣለን። ጠጋኙ ወንድማችንም በሩን ከፍቷል፤ ለጊዜው በቀን አምስት ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ በስብሰባው ላይ ግን ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣

የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች መረዳጃ ስብስብ ጸሐፊ፣
የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት

ግልባጭ፦
ለስብስቡ አባላት በሙሉ
ለደንበኞቻችን